የጋሼ ኮሮላ፦ አራት የሴንሰር ኮድ በአንድ ጊዜ

ቅዳሜ ጠዋት

መኪናዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ የ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል፣ ሞተሯ ባለ 1.6 ሊትር 4ኤ-ኤፍኢ። ባለቤቷ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ጎረቤታችን የሆኑ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው።

ችግሩን እሳቸው እንደነገሩኝ ላስፍረው። ቤንዚን መብላት አብዝታለች። ጠዋት ስትነሳ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ከሞቀችም በኋላ ጭሱ ጨርሶ አይጠፋም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ቤንዚን ሳይረገጥ ስትሠራ፣ ትንቀጠቀጣለች። የቼክ ኢንጅን መብራት ሲያሻው ይበራል፣ ሲያሻው ይጠፋል። እኔን በጣም የሳበኝ ግን መጨረሻ ላይ የተናገሩት ነው፦ «አስፋልት ላይ ደህና ናት ልጄ። ኮብልስቶን ስገባ ግን እንቅ እንቅ ያደርጋታል፤ አንዳንዴም እዚያው ቀጥ ትላለች።» መንገድ ሲነቀንቃት የሚብስ ችግር መጀመሪያ ሽቦ ነው የሚያስጠረጥረው።

ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ ወስደዋት ኮዱ፣ ማለትም የሞተሩ ኮምፒውተር የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር፣ ተነቦ፣ አራት ሴንሰር ይቀየር ተብለዋል። የአራቱ ዋጋ ሲደመር ለጡረተኛ የሚቀመስ አይደለም። «ልግዛ ወይስ ትቅር?» አሉኝ። «ጋሼ፣ ለጊዜው ምንም አይግዙ» አልኳቸው። አራት ሴንሰር ተማክሮ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ማስታወሻውን በዝርዝር የምጽፈውም ለዚህ ነው። እዚህ ከተማ እንዲህ ዓይነት አሮጌ ኮሮላ የያዘ ሰው ብዙ ነው፣ ሳይቸግረው ሴንሰር ሲገዛ የከረመም እንደዚሁ።

ኮዱን ራሴ አነበብኩት። ለዚህች መኪና የኮድ ማንበቢያ ማሽን አያስፈልግም። ኮፈኑ ሥር ክዳን ያላት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች፤ ክዳኗ ላይ ዲያግኖሲስ ተብሎ ተጽፏል፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ የየቀዳዳው ስም አለ። ቲኢ1 እና ኢ1 የሚሉትን በአጭር ሽቦ አገናኘሁ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ኦን ላይ አደረግኩ። መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ቁጥሩን ይናገራል፦ መጀመሪያ የአሥር ቤቱን፣ ትንሽ ቆም ብሎ የአንድ ቤቱን። ኮዱ ከአንድ በላይ ከሆነ ከትንሹ ቁጥር ይጀምራል። ምንም ችግር ከሌለ ደግሞ ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም ይላል።

የወጡት 22፣ 24፣ 31 እና 41 ናቸው። 22 የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። 24 ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት። 31 የማኒፎልድ (አየሩ ወደ ሞተር የሚገባበት ቧንቧ) ግፊት፣ ማፕ ሴንሰር የምንለው። 41 የስሮትል ሴንሰር፣ የቤንዚን ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ ለኮምፒውተሩ የሚነግረው። ጋራዡ ያነበበውም እነዚሁን ነው። ንባቡ ትክክል ነው።

ኮድ ግን «ይህ ሴንሰር ተበላሽቷል» አይልም። «ከዚህ ሴንሰር መስመር የመጣልኝ ቮልቴጅ ሊሆን የማይችል ነው» ነው የሚለው። መስመሩ ውስጥ ሴንሰሩ አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ኮምፒውተሩም ራሱ አለ።

ከሰዓት በፊት እንደተቀመጥኩ አራቱ ምን እንደሚጋሩ ወረቀት ላይ ሳልኩት። ማፕ ሴንሰሩና የስሮትል ሴንሰሩ ከኮምፒውተሩ 5 ቮልት ይቀበላሉ፤ ሽቦዋ ቪሲ ትባላለች። ሁለቱ የሙቀት ሴንሰሮች ግን ቪሲን አይነኩም። እነሱ ባለ ሁለት ሽቦ ናቸው፣ ቮልቴጃቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ሬዚስተር በኩል ነው የሚመጣላቸው። ስለዚህ የተበላሸው ቪሲ ቢሆን ኖሮ 31 እና 41 ብቻ ነበር መውጣት ያለባቸው። 22 እና 24 አብረው ከወጡ፣ አራቱም የሚነኩት አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፦ ኢ2 የምትባለው የሴንሰሮች ማሳ፣ ከረንቱ ወደ ባትሪ ነጌቲቭ የሚመለስባት ሽቦ። አራት ቤት በአንድ የውሃ መስመር ሲጠቀም ውሃው ከአራቱም ከጠፋ አራት ቧንቧ አይቀየርም።

ኢ2 ከቦዲው ጋር በቀጥታ አትገናኝም። ከሴንሰሮቹ ተነስታ ኮምፒውተሩ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ነው ወደ ዋናው ማሳ የምትሄደው። በአቋራጭ ኢ2ን ከቦዲ ጋር የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ለጊዜው መኪናዋ ትስተካከል ይሆናል፤ ግን የሞቶሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) እና የሌላውም ትልቅ ከረንት ረብሻ ሴንሰሮቹ ላይ ይመጣል። አትሞክሩት።

ቅዳሜ ከሰዓት

ዝናቡ እስኪያባራ ጠበቅን። መጀመሪያ በዓይን የሚታየውን አየሁ። ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አራቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ለብሰዋል፤ ሞተሩ ከሚገባው በላይ ቤንዚን እየተሰጠው ነው ማለት ነው። አንድ ካንዴላ ብቻ ቢጠቁር ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። የዘይት መለኪያውን አውጥቼ አሸተትኩት፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ከማኒፎልድ ወደ ማፕ ሴንሰር የምትሄደው ጎማ ጫፏ ላይ ደርቃለች፣ ግን አልተሰነጠቀችም፣ አየርም አትስብም። ሶኬቶቹ ውስጥ ውሃ የለም።

ከዚያ ቴስተር፣ የቮልቴጅ መለኪያው። ሶኬቶቹ ሳይነቀሉ፣ ከኋላ በኩል በቀጭን መርፌ እየነካሁ ነው የለካሁት። ይህ ወሳኝ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ብትለኩ ከረንት አይፈስም፤ ከረንት ካልፈሰሰ ደግሞ የደከመ ሽቦ ጤነኛ መስሎ ይታያችኋል።

ጥቁሩን የቴስተር ገመድ ባትሪ ነጌቲቭ ላይ አሰርኩትና በቀዩ ዞርኩ። ኢ1፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ዋና ማሳ፣ 0.02 ቮልት። ጤነኛ። ቪሲ 5.0 ቮልት። እሱም ጤነኛ። ማፕ ሴንሰሩ ሶኬት ላይ ያለችው ኢ2፦ 0.8 ቮልት።

ኢ2 ማሳ ናት፤ ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረባት። ጥቁሩን ገመድ ከባትሪው አንስቼ ኢ2 ላይ ሳደርገው ቪሲ ከ5.0 ወደ 4.2 ወረደ። የአምራቹ መመሪያ በቪሲና በኢ2 መካከል ከ4.5 እስከ 5.5 ይላል። 5 ቮልቱ አልጎደለም፣ ከታች በኩል ያለው ወለል ነው ከፍ ያለው። ወለሉ ከፍ ካለ ደግሞ እሱ ላይ የቆሙት ሴንሰሮች ሁሉ ከእውነቱ በላይ ያነባሉ።

በዚህ ዓይን ሲታይ የቀረው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ስሮትሉ ተዘግቶ እያለ ሲግናሉ፣ ማለትም ሴንሰሩ ለኮምፒውተሩ የሚልከው ቮልቴጅ፣ ከ0.3 እስከ 0.8 ቮልት መሆን ሲገባው 1.2 ይላል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ የራዲያተሩ ጎማ እጅ እያቃጠለ፣ የውሃ ሙቀት ሲግናሉ 0.5 አካባቢ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ 1.2 አካባቢ ነው። የሙቀት ሴንሰር ሲሞቅ ሬዚስታንሱም ቮልቴጁም ይወርዳል። ቮልቴጁ ከፍ ካለ ኮምፒውተሩ «ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ያምናል። በእኔ ስሌት የሞቀውን ሞተር 50 ዲግሪ እንኳ ያልደረሰ አድርጎ ነው የሚያየው። ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን ይጨመራል። ጭሱም፣ ጥላሸቱም፣ ዘይት ውስጥ የገባው ቤንዚንም ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ማፕ ሴንሰሩ ልምጣ። ለባሕር ዳር ሰው ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ቁልፉ ኦን ሆኖ ሞተሩ ሳይነሳ የማፕ ሴንሰሩ ሲግናል ከባትሪ ነጌቲቭ አንጻር 3.3 ቮልት አነበበ። መመሪያው ከ3.3 እስከ 3.9 ይላል። ስለዚህ መጽሐፉን ብቻ የያዘ ሰው «ማፑ ደህና ነው» ብሎ ያልፋል። ያ ቁጥር ግን የተጻፈው የባሕር ወለል ላይ ላለ መኪና ነው።

ጣና ዳር ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚያ ታች የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው፣ እዚህ 82 አካባቢ። ከአምስት እጅ አንዱ ገደማ የለም ማለት ነው። ሞተር ሳይነሳ ማፕ ሴንሰር የሚያነበው ይህንኑ የውጭ አየር ግፊት ነው። የቶዮታ ማፕ ሴንሰር ግፊቱ በ1 ኪሎፓስካል ሲቀንስ ወደ 0.03 ቮልት ይቀንሳል። 19 ኪሎፓስካል ሲቀንስ ከ3.6 ላይ ከግማሽ ቮልት በላይ ይወርዳል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ጤነኛ ማፕ ሴንሰር 3.0 ቮልት አካባቢ ነው ማሳየት ያለበት። 3.3 እዚህ ደህና አይደለም፣ ከፍ ያለ ነው። የማሳው ብልሽት ቁጥሩን ሰቅሎ ልክ መጽሐፉ ወደሚፈልገው ቦታ አድርሶታል።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ጤነኛ ማፕ ሴንሰር እዚህ 3.0 ሲያሳይ «ከመመሪያው በታች ነው፣ ሞቷል» ተብሎ ይጣላል። አዲስ ተገዝቶ ሲገባም ያው 3.0 ያሳያል። አዲስ አበባ ላይ ከዚህም ያንሳል፣ ምክንያቱም ከተማው ከእኛ ብዙ ከፍ ያለ ነው። ሰው ባልተበላሸ ዕቃ ገንዘቡን ሲያወጣ ማየት ያንገበግበኛል፤ ለዚህ ነው ቁጥሩን እንዲህ ዘርዝሬ የጻፍኩት።

እሑድ

ጋሼ ከቅዳሴ መልስ መጡ። እንደ መምህርነታቸው ማስረጃ ካላዩ አያምኑም፣ ደግሞም ልክ ናቸው። «ሴንሰሩ ደህና ነው ካልክ አሳየኝ» አሉ። የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ፈትቼ ከቴርሞሜትር ጋር አሮጌ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ከተትኩት። 20 ዲግሪ ላይ 2.4 ኪሎኦም። ውሃው 80 ሲደርስ 0.31። መመሪያው ለ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3፣ ለ80 ደግሞ ከ0.2 እስከ 0.4 ይላል። ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ይህን ስትሠሩ ቴርሞሜትር ግድ ነው፤ «ከፈላ 100 ነው» አትበሉ፣ እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። የአየር ሙቀት ሴንሰሩም ልኩ ተመሳሳይ ነው፣ እሱም አለፈ። ጋሼ ቁጥሮቹን በራሳቸው ደብተር ጻፏቸው።

ቀጥሎ የደከመው ቦታ የት እንደሆነ መፈለግ። መጀመሪያ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው ኮምፒውተር ሶኬት ላይ ኢ2ን ለካሁ፦ 0.02። ሴንሰሩ ጋ 0.8፣ ኮምፒውተሩ ጋ 0.02። ኮምፒውተሩ ነጻ ወጣ፤ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ያለው ሽቦ ላይ ነው። ኮምፒውተር ቀይሩ ተብለው ለወጡ ሰዎች ይህች አንዲት ልኬት ብዙ ታድናቸው ነበር።

ታናሽ ወንድሜን ቴስተሩ ጋ አቆምኩት። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ እኔ ሽቦውን ከማፕ ሴንሰሩ ጀምሬ ጭብጥ እያደረግኩ እነቀንቃለሁ፣ እሱ ቁጥሩን ይጠራል። «ዜሮ ነጥብ ስምንት... ዜሮ ነጥብ ስምንት... ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ...» ባትሪው አጠገብ ሽቦው ወደ ታች የሚታጠፍበት ጋ ስደርስ «አራት አለፈ!» ብሎ ጮኸ፣ ሞተሩም ታንቆ ጠፋ። ጋሼ «ይቺ ናት! ኮብልስቶን ላይ የምታደርገኝ ይቺን ነው» አሉ።

ኮዶቹ የገቡትም በዚህ መንገድ ነው። ማሳው በ0.8 ሲያዘነብል ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ተጠራጥሮ ኮድ አይመዘግብም፣ የተሳሳተውን አምኖ ቤንዚን ያበዛል። መንገድ ሲነቀንቃትና ሽቦዋ ጨርሳ ስትለቅ ግን አራቱም ሲግናል ወደ 5 ይዘላል፤ ያኔ 22፣ 24፣ 31፣ 41 ብሎ ይጽፋል። የውሃውን ሙቀት 80፣ የአየሩን 20 ዲግሪ ነው ብሎ በግምት መሥራት ይጀምራል፣ መብራቱም ይበራል። ሽቦዋ መልሳ ስትነካ መብራቱ ይጠፋል፣ ኮዱ ግን ማህደሩ ውስጥ ይቀራል።

ባትሪውን ነቅዬ አወጣሁና የሽቦውን ፕላስተር ፈታሁ። የአራቱ ሴንሰሮች ኢ2 ሽቦዎች አንድ ላይ የሚቋጠሩበት ቦታ ነው። መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል፣ ጥቂት ክሮች ብቻ ናቸው የያዙት። ከበላዩ ያለው ባትሪ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ነው። የአሲዱ ትነትና ጠብታ ለዓመታት ወደ ፕላስተሩ ሲገባ ኖሯል፤ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ቀሪውን አገዘው።

ዝናቡ መልሶ ስለመጣ ሸራ ወጥረን ቀጠልን። ሽቦዎቹን ቆርጬ ላጥኳቸው። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ የላጣችሁት መዳብ ጥቁር ከሆነ ዝገቱ በሽፋኑ ሥር ሄዷል ማለት ነው፣ ስታኞም አይዘውም። የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ወደኋላ ቆረጥኩ፣ ያጠረውን በተመሳሳይ ውፍረት ሽቦ ቀጠልኩ። ጠምዝዤ በካውያ ስታኞ አጠጣሁት። ሲሞቅ የሚሰበሰበውን የፕላስቲክ ቱቦ አለበስኩት፣ በላዩ ፕላስተር። መስመሩንም ከባትሪው አርቄ አሰርኩት። አጠገቡ ያሉትን ሌሎች ሽቦዎችም ፈትቼ አየኋቸው፣ እነሱ ንጹሕ ናቸው።

ሰኞ ማታ

ከሥራ መልስ ሁሉንም እንደገና ለካሁ። ኢ2 ሴንሰሩ ጋ 0.01 ቮልት። በቪሲና በኢ2 መካከል 5.0። ስሮትል ተዘግቶ 0.5። ሞተሩ ሲሞቅ የውሃው ሲግናል 0.5። ማፕ ሴንሰሩ ሞተር ሳይነሳ 3.0። ልክ ከፍታው እንደሚለው።

ካንዴላዎቹን ጠርጌ መለስኩ። ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርን፤ ቤንዚን የገባበት ዘይት ቀጥኖ ሞተር ይበላል፣ ይህን መተው አይገባም። ኮዱን ለማጥፋት ባለ 15 አምፔር የሆነችውን ኢኤፍአይ ፊውዝ ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ከ10 ሰከንድ በላይ ነቅዬ መለስኩ። ባትሪው ለምን እንደሚተፋም አየሁ፦ ሞተሩ እየሠራ ቻርጁ 14.2 ቮልት ነው፣ ጄኔሬተሩ አላበዛም። ጋሼ ውሃውን ከመስመሩ በላይ ይሞሉት ነበር፣ አሁን ልኩን አሳየኋቸው።

ለመንገድ ሙከራው ቴስት ሞዱን ተጠቀምኩ። ብዙ ሰው አያውቀውም። ቁልፉን ከመክፈታችሁ በፊት በዚያችው ሳጥን ቲኢ2 እና ኢ1ን ታገናኛላችሁ። ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ከወትሮው ፈጥኖ ብልጭ ድርግም ይላል። በዚህ ሁኔታ ኮምፒውተሩ ለቅጽበት የምታመልጥ ግንኙነት እንኳ ይይዛል፤ አንዴ መጥቶ ለሚጠፋ ብልሽት ከዚህ የሚሻል የለም። ሞተር አስነስታችሁ በሰዓት ከ10 ኪሎሜትር በላይ ንዱ፣ አለበለዚያ የፍጥነት ሴንሰሩን 42 በከንቱ ይመዘግብባችኋል። ስትመለሱ ሞተሩን ሳታጠፉ ቲኢ1ን ጨምራችሁ ታነባላችሁ።

ጋሼ ራሳቸው ነዱ። የሰፈሩን ኮብልስቶን ሆን ብለን ዞርነው፣ ከዚያ ወደ ቤዛዊት ዳገቱን ወጣን። ዳገት ላይ የማፕና የስሮትል ሲግናል አብረው ይወጣሉ፣ ደካማ ማሳ ካለ እዚያ ይለያል። አልታነቀችም፣ ከኋላም ጭስ የለም። ቤት ደርሰን ሳነበው መብራቱ ሳያቋርጥ እኩል ብልጭ ድርግም አለ። ጋሼ ቆጥረው ቆጥረው «ቁጥር የለውም እኮ» አሉ። «ጋሼ፣ ጤነኛ ናት ማለት ነው» አልኳቸው።

የማፕ ሴንሰሩ ጎማ ጫፏ ስለደረቀ እቀይራታለሁ፤ ርዝመቷን ለክቼ ይዣለሁ። ሚኒሞው ከሚገባው በጥቂቱ ከፍ ብሏል። በሐሰት ሲግናል ሲሠራ የከረመውን ማን እንዳስተካከለው አላየሁም፣ የስሮትሉ ማስተካከያ ብሎን ላይ ግን የካቻቢቴ ጭረት አለ። ቅዳሜ ሞተሩን አሙቄ፣ የስሮትል አካሉን ከጥላሸት ጠርጌ ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ። ጋሼ ደግሞ ታንኩን ሞልተው የኪሎሜትሩን ንባብ ጽፈው ይዘዋል፤ ወደ ሐሙሲት ደርሰው ሲመለሱ ፍጆታውን አስልተን እዚህ እጨምረዋለሁ።